ፍራሼን ፍለጋ ለቅሶ ቤት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዘንድሮው ጉድ ተገኝቷል። እኔ ነኝ!

ከዛሬ በኋላ ቡራዩ ውስጥ ቀና ብዬ የምሄድ አይመስለኝም።

በቅርቡ "ስትረስ መቀነስ የምትፈልጉ መኝታችሁን አስተካክሉ" ብዬ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ? ስልክ ከመኝታ ቤት ይውጣ፣ መብራት ቶሎ ይጥፋ፣ ፍራሽ ጥሩ ይሁን ምናምን። ስንት ላይክ አገኘሁበት! አዲሱን ፍራሼን ፎቶ አንስቼም "ራሴን መውደድ ጀመርኩ" ብያለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? እዚያ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቀን ቢሮ ስልክ እያነሳሁ የደንበኛ ቁጣ ስሰማ እውላለሁ። ማታ ጣሪያ ላይ አፈጣለሁ። የምተኛው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

ታክሲ ውስጥ!

ያውም የጎረቤቴ የኦቦ ገመቹ ሚኒባስ ውስጥ። ጠዋት ጥግ እይዛለሁ፣ ገና አስኮ ሳንደርስ ጭልጥ። ፒያሳ ስንደርስ ረዳቱ ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው ዞር ብለው "ኢንተላ ኮ፣ ደርሰሻል ልጄ!" ይሉኛል። እኔም ደንግጬ "ወራጅ አለ!" እላለሁ። ሰው ሁሉ ወርዶ አልቆ እኮ ነው!

ኦቦ ገመቹ በዚህ ሳምንት ድንገት አረፉ።

ነፍሳቸውን ይማር። አለቀስኩ፣ ከልቤ።

ከዚያ የእድር ሴቶች በሬን አንኳኩ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ጎረቤት ወንበሩንም ፍራሹንም ያውሳል። "አንቺ ጋ ጥሩ ፍራሽ አለ አሉ" አሉኝ። ማን ነገራቸው? እኔው ነኛ! በፎቶ!

ሰጠሁ። ላስቲኩ እንኳ በደንብ አልተላቀቀም ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ "ሐዘንተኛ ልጠይቅ" ብዬ ሄድኩ። ውሸቴን ነው! ሻይ ፈሶበት ይሆን፣ ማን ተቀምጦበት ይሆን እያልኩ፣ የሄድኩት ፍራሼን ልጠይቅ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ እሱን ፈለገ። ሳሎኑ ጥግ ተነጥፏል። ሄጄ ቁጭ አልኩበት።

አጠገቤ የሟች ባለቤት አዴ ጫልቱ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ዓይናቸውን አልከደኑም። ሴቶቹ "ኧረ ትንሽ ጋደም በይ፣ ትታመሚያለሽ" ቢሏቸውም እምቢ ብለዋል።

ቤቱ ይሞቃል፣ ወሬው ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳውን ደገፍ አልኩና ዓይኔን ትንሽ ልክደን አልኩ።

ትንሽ!

አንኮራፍቻለሁ አሉ። አንድ ለቅሶ ደራሽማ የሟች ልጅ መስዬው "አይ ልጅት፣ ሐዘኑ ጎድቷታል" ብሎ ጋቢውን አልብሶኛል።

ከዚያ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እኔ እንደ ልማዴ ቦርሳዬን አፈፍ አድርጌ፣ በሙሉ ድምፄ፣

"ወራጅ አለ!!"

ቤቱ ሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

በባለታክሲ ለቅሶ! ሚስቱ ፊት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

የነኩኝ አዴ ጫልቱ ነበሩ። ትክ ብለው አዩኝ።

"ለካ እንቅልፋሟ አንቺ ነሽ!" አሉ። "ገመቹ ማታ ሲገባ ያወራልኝ ነበር። 'ዛሬም ያቺ ልጅ ተኛች፣ እንዳትነቃ ብዬ ጉድጓዱን ቀስ አድርጌ አለፍኩት' ይለኝ ነበር።"

ከዚያ ሳቁ። እየሳቁ አለቀሱ፣ ቤቱም አብሯቸው። ሲወጣላቸው "እስቲ ጠጋ በይልኝ" አሉና እዚያው ፍራሼ ላይ ጋደም አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ሴቶቹ በዓይን ብቻ እየተነጋገሩ ቀሩ።

ጋቢውን አልብሼያቸው ቀስ ብዬ ወጣሁ። ፍራሼን የምጠይቅበት አፍ ከየት ይምጣ?

አሁን ቤቴ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ስልክ በእጄ፣ መብራት ቦግ ብሎ፣ የራሴን ምክር በሙሉ ጥሼ! ነገሩ ለካ የፍራሽ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ጭልጥ የምለው የሚቀሰቅሰኝ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነበር።

እስቲ የቡራዩ መስመር ሰዎች፣ ሰኞ ጠዋት ጥግ ይዛ አፏን ከፍታ የተኛች ካያችሁ እኔ ነኝ።

ፒያሳ ስንደርስ ማን ይቀሰቅሰኛል?