የማይታጨደው ጓሮዬ

ሰው መሬት ገዛሁ ሲላችሁ ቶሎ እንኳን ደስ ያለህ አትበሉት። መጀመሪያ «ምን ምን ታደርግበታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኢገን ከተማ ዳር ላይ ቤት የገዛሁ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ አንድ ወዳጅ አላገኘሁም። ሁሉም ጓሮዬን እያየ «አቤት ስፋቱ! አገር እኮ ነው!» ይላል። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ባላባት እንጎራደድበታለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ሻኮፒ ከተማ ድረስ እየሄደ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ባላባት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ገበሬ ከአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ውል ገብተው ኖሯል። ከቤቱ ጀርባ ያለው ሣርና ረግረግ ለዘላለም አይቆፈር፣ አይታጨድ፣ ድንኳን እንኳ አይተከልበት ብለው ፈርመዋል። ቤቱ ሲሸጥ ውሉም ለገዢው ይተላለፋል። ክሎዚንጉ ላይ፣ የቤቱ ሽያጭ የተፈረመ ዕለት፣ ነግረውኛል አሉ። እናንተ ያን ሁሉ ወረቀት አንብባችሁ ነው የፈረማችሁት? እኔ እጄ እስኪዝል ፈርሜ ቁልፌን ይዤ በረርኩ።

ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት ዓመት ልጄ መቅደስ ተዳረችና የመልሱ ድግስ የእኛ ሆነ። መቶ ሃምሳ ሰው ጠራን። አገር የሚያህል ጓሮ እያለ ለምን አዳራሽ እንከራያለን? ሴንት ፖል ከተማ ታክሲ የሚነዱት የሚስቴ አጎት ጋሽ ታደሰ የዳሱን ሥራ ተረከቡ። ረግረጉን ሲያዩ ግን ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አንተ! ይህን ሁሉ ቄጠማ ይዘህ ነው በየድግሱ የፕላስቲክ ሣር የምታስረግጠን?» ብለው ተቆጡኝ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ግማሹን አጭደን፣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቋሚውን አቁመን ላባችንን ስንጠርግ አንዲት ሴትዮ ቦት ጫማ አድርጋ ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለች። ለካ ማኅበሩ በዓመት አንዴ መሬቱን ዞሮ ያያል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጣ ያን ሐሙስ!

የሚኒሶታ ሰው ሲናደድ ፈገግ ይላል። የሴትዮዋ ጥርስ እስከ መንጋጋዋ ታየኝ። ቋሚው ዛሬውኑ ይነቀል፣ ጉድጓዱ ይደፈን፣ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን አለች። ቅዳሜ ያን ሁሉ እንግዳ የት ላስቀምጠው ነው? የሙሽራው ወገን ምን ይለኛል? መቅደስም ያን ውል ለምን አላነበብከውም ብላ በእንግሊዝኛ ተቆጣችኝ። እሷ በእንግሊዝኛ ከተቆጣች ነገሩ የምር ነው።

ጋሽ ታደሰ ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ይላክባት! እውነቴን ነው የምላችሁ። በማግስቱ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ እኔን ጥፋተኛውን ከኋላ አሰልፈው ቢሮዋ ገቡ። ተቀመጡ አለች። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅ ይቀመጣል እንዴ? አንቀመጥም አሉ። እሷም ግራ ገባትና እንግዳ ቆሞ አልቀመጥም ብላ ተነሣች። አርባ ደቂቃ ሙሉ አምስታችን ተገትረን ስለ ሣር ተከራከርን።

ጋሽ ታደሰ ስለ ይቅርታ ሲያወሩ እሷ ውሉን ዘረጋች። የፈረመው ሰው ቢሞትስ? አሏት። አይፈርስም አለች። መሬቱ ቢሸጥስ? አይፈርስም። ልጆቹ ቢካሰሱስ? አይፈርስም! የጋሽ ታደሰ ዓይን እየበራ ሄደ። ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው፣ እንዲህ ያለ የማይፈርስ ውል አይተው አያውቁም። «ቃል ማለት እንዲህ ነው!» አሉና፣ ሊለምኗት የሄዱት ሰው መርቀዋት ወጡ። እሷም ልቧ ራርቶ መላ ሰጠችን። ለካ ውሉ የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው፤ ከቤቱ ፊት ያለው እንደ ልብ ነው። የታጨደውም ሣር ተመልሶ አይተከልምና ጎዝጉዙት፣ ሁለተኛ ግን እንዳይለምዳችሁ አለችን።

ድግሱ ከቤቱ ፊት፣ መኪና የምናቆምበት ድራይቭዌይ ላይ ሆነ። ሙሽሮቹ የጋራዡን በር ተደግፈው ነገሡ። እልልታው ፈረንጅ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ከየቤታቸው አወጣቸው፤ ሴትዮዋም መጥታ እስክስታ ትሞክር ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም! ጋሽ ታደሰ ብቻ ዱላቸውን ይዘው የጓሮውን መግቢያ ይጠብቁ ነበር። ልጄ ልትሄድብኝ ነው ብዬ እንባዬ ቢመጣ፣ ሰው ሳያየኝ ወደ ኋላ ዞር ልል ስል መለሱኝ። ማልቀስም ከሆነ ከፊት ለፊት አልቅስ አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ በዚያው የማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ ሆነው አረፉት። አሁን በየዓመቱ ጓሮዬን ዞረው የሚፈትሹት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት የሚስቴ የልብስ ማስጫ ገመድ አንድ ክንድ ወደ ሣሩ ገብቷል ብለው በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ። ጋሼ፣ እንዴት ነው ዘመድነታችን ብላቸው፣ ቅሬታ ካለህ ሽማግሌ ላክብኝ አሉ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ሁለቱን የዕድር ሽማግሌዎች ልለምን ብሄድ እነሱም ለጓሮዬ ፍተሻ ቦት ጫማ ሲለኩ ደረስኩባቸው።