ከወንበሩ ያልወረደው የመኪና አዋቂ

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትነሱ አብሯችሁ የሚሄድ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ማን አዋቂ አደረገው? እኔ እንጃ! የእኛው ሰይድ ይባላል፤ ወልድያ ጎረቤታችን ነው።

እኔና ባለቤቴ የዓመታት ቁጠባችንን ይዘን አንድ አሮጌ ግን ቅንጡ የናፍጣ መኪና ልናይ መርሳ ወረድን። ሰይድና አማቴ እማማ ዘይነባም አብረውን ነበሩ።

ሰይድ ገብቶ መሪው ፊት ተደላደለ።

«ቆዳ ነው! ደግሞ ወንበሩ ያሞቃል!»

በመርሳ ሙቀት የሚያሞቅ ወንበር ለማን ነው? እሱ ግን ከፈተው፤ ላቡም ይንቆረቆር ጀመር።

እማማ ዘይነባ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና ወደ ሻጩ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ አልተነሳም አላልክም?»

«አልተነሳም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሞተሩን ምን አሞቀው?»

«ፀሐይ ነው።»

«ጥላ ሥር ቆሞ?»

ሻጩ ቀና ብሎ ከላይ ያለውን ዛፍ አየ።

«አብሽር፣ እስኪበርድ እንጠብቃለን፤ የሞተር ሕመም የሚታየው ሳይሞቅ ሲነሳ ነው» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሞተሩ ሲበርድ ሰይድ ቁልፉን አዞረ። መኪናው አቃሰተ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋብንና ጸጥ አለ። ሰይድ ደንግጦ ልውረድ ሲል የወንበሩን የኤሌክትሪክ ማንቀሳቀሻ ነካ። ወንበሩ ወደ ፊት ሄዶ ሆዱን ከመሪው ጋር አጣበቀው፤ ባትሪውም እዚያው ላይ አለቀ።

እኔና ሻጩ እጁን ይዘን ስንጎትት ባለቤቴ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገንዘባችን ተርፎልናልና እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

እማማ ዘይነባ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ሰይዶ፣ መኪናውን እንዴት አየኸው?» አሉት።

ትንፋሽ እያጠረው «ወንበሩ . . . አንደኛ ነው!» አለ።