እትዬ ዝርዝር እና ቁጥር ሦስት

በዚህ ምድር ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል፤ «እንዴት ዋልክ?» ሲባል «ደህና» የሚልና ሰዓት እየጠቀሰ የሚያስረዳ። ሁለተኛው ዓይነት በየቤተሰቡ አንድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን ዕድሉ ቀንቶት የዘሩን ሁሉ እመቤት አግኝቷል፤ ክብርት የዳታቤዝ ኃላፊያችንን፣ እትዬ ዝርዝርን! ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። እሳቸው ሲሰሙ አልተቆጡም። «ማን አወጣው? መቼ? የት ተቀምጣችሁ?» ብለው ጻፉት።

እትዬን «ልጅዎን ተሻላት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። «ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ» ይላሉ። ከዚያ ትኩሳቱ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሽሮፑ በየማንኪያው ይዘረዘራል። ልጅቷ ድና ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አንተ ገና ደረጃው ላይ ቆመህ ትኩሳቷን ትሰማለህ። «በአጭሩ እኮ ድናለች» ብትል፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው እንደገና ይጀምሩልሃል።

ቤት የቀየሩ ዕለት ላግዝ ሄጄ ነበር። በር ላይ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ሶፋውን ማን ያዘው፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ የት ደረሰ፣ ሁሉም ይጻፋል። ከባለቤታቸው ወንድም ስም ፊት ለፊት «ከ4፡15 እስከ 5፡40፣ ሥራ ፈት፣ ጥላ ሥር» ተብሎ ተመዝግቦ በዘመድ አዝማድ ፊት ተነበበ። ሰውየው እስከ ዛሬ አኩርፏል። ግን የአልጋው ብሎኖች ጠፍተው ቤተሰቡ ወለል ላይ ሊያድር ነው ሲባል፣ ደብተሩ ተገለጠና በሁለት ደቂቃ ከአንድ ድስት ውስጥ ወጡ። ድስቱ ውስጥ የከተታቸውም ያው ወንድም ነበር።

የእኛም ሥራ ቤት ከመቀየር ብዙ አይለይም። አንድ ድርጅት መረጃው ሁሉ የተከማቸበትን አሮጌ ዳታቤዝ ትቶ ወደ አዲስ ሲገባ ጓዙን የምናጓጉዘው እኛ ነን፤ ከአሮጌው ኤክስፖርት፣ ወደ አዲሱ ኢምፖርት። አንድ ፕሮግራም ለብቻው ቢሸከመው ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጭነቱ ለስምንት ይከፈልና ስምንቱም ጎን ለጎን ይሸከማሉ። «ሠራተኞች» እንላቸዋለን፤ አንዱን መሃል ላይ ማስቆም ደግሞ «መግደል» ነው። ውሏቸው የሚጻፍበት ፋይል ሎግ ይባላል። ሌላው ሰው «ሥራው ተጀመረ፤ ሥራው አለቀ» የሚል ሎግ ይበቃዋል። እትዬ ዝርዝር የእያንዳንዱን ሠራተኛ እያንዳንዷን እርምጃ ካላስጻፉ ቁርስ አይወርድላቸውም። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። እሱ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «በአጭሩ!»

እንግዲህ ያ እሑድ መጣ! የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የበሽተኞች መዝገብ በሙሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱ ቤቱ መግባት አለበት። እኔ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት የቀረኝ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ይህ ሥራ በእኔ እጅ ከተበላሸ እንደምሰናበት ጥበቃው ሳይቀር ያውቃል።

እስከ ስድስት ሰዓት ሰባቱ ሠራተኞች ጨረሱ። እሰይ! ቁጥር ሦስት ብቻ ቀረ። እትዬ ለልጃቸው መድኃኒት ሊያደርሱ ተነሡና፣ «የሎጉ ዝርዝር ይኸውልህ፤ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት አንብብ» ብለው ወጡ። አላነበብኩም። ያንን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል? ቁጭ ብዬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። «በሂደት ላይ» ይላል። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ «በሂደት ላይ»። ንቅንቅ የለም። ስልኬ ጮኸ።

«በአጭሩ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አልንቀሳቀስ ብሏል...»

«ግደለውና እንደገና ጀምር!»

ገደልኩት።

እንደገና ልጀምር ስል እትዬ ተመለሱ፤ ፊቴን አይተው ዝርዝሩን ከፈቱ። ለካ ቁጥር ሦስት አልሞተም ኖሯል! ምስኪን፣ የሆስፒታሉን የራጅ ምስሎች በሙሉ ለብቻው ተሸክሞ እያዘገመ ነበር። አርባ ክፍል ነው ጭነቱ። ሠላሳ ስድስቱን አስገብቶ ሠላሳ ሰባተኛውን ሲያጋምስ ነው እኔ የደረስኩበት። ከዜሮ ከተጀመረ ዛሬ ማታ ለሚመጣ በሽተኛ ራጅ የለም፣ ለእኔም ሥራ የለም።

እትዬ ግን ቀድመው ያነሡት ብዕር ነበር። «ስልኩ ስንት ሰዓት ጮኸ? ምን አለህ? ቃል በቃል ንገረኝ! እጅህ ተንቀጥቅጧል?»

«እትዬ፣ በፈጣሪ! አሁን ይኼ ምን ይሠራል?»

«ሆኗል አይደል? ይጻፋል።»

የመስቀያዬን ገመድ እየገመዱ መሰለኝ፤ በልቤ ረገምኳቸው። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዝርዝሩ የትኛው ክፍል እንደገባ፣ የትኛው እንዳልገባ አንድ በአንድ ይናገር ስለነበር ከዜሮ መጀመር አላስፈለገም። የተጋመሰውን ሁለት ሰዓት ፈጅተው አጸዱ፣ የቀሩትን አራት ክፍሎች ለአራት ሠራተኞች አካፈሉና ለቀቋቸው። መስመሩ ይወርድ ጀመር! ሠላሳ ስምንት ገባ! አርባ ገባ! ሠላሳ ሰባት ገባ! እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ «በለው! በለው!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ዳገት ላይ እንደቆመች አህያ ገተረብን። አሁን ግን ዝርዝሩን እናነባለን፤ እየሠራ ነው፣ አልነካነውም። ገባ!

ብቻ ሰማንያ ደቂቃ ዘግይተናል። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ምክንያቱን ጠየቀ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ የድርጅቱ ባለቤት ራሳቸው መጡ።

«በአጭሩ፣ ቁጥር ሦስትን ማን ገደለው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ዓይን ዓይኔን እያየ። አጭር ወሬ አንድ ጥፋተኛ ይበቃዋል። ተነሣሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ እትዬ። «ቆዩ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።» ደብተሩን ገለጡ። «6፡05፣ እኔ ወጣሁ። ቁጥር ሦስት የተሸከመው ከባድ መሆኑን ለልጁ በቃሌ አልነገርኩትም፤ ይኼ የእኔ ጥፋት። ልጁም አንብብ ያልኩትን አላነበበም፤ ይኼ የእሱ። 6፡58፣ ስልክ ጮኸ። 6፡59፣ ‹ግደለውና እንደገና ጀምር› ተባለ። 7፡00፣ የልጁ እጅ ተንቀጠቀጠ። 7፡01፣ ተገደለ።»

«ግደለው ያለው ማነው?» አሉ ባለቤቱ።

እትዬ ብዕራቸውን ወደ ሥራ አስኪያጁ አመለከቱ። «በአጭሩ፣ እሳቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ውሃ ጠጣ፤ ባዶ ብርጭቆ ነበር። ባለቤቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጁ ይቀጥላል። እንዲያነብ አስተምሪው። በሉ ተነሡ።» «ልጁ» እንግዲህ እኔ ነኝ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ። አንጀቴ ራሰ!

«አላለቀም፣ አንድ መስመር ቀርቷል» አሉ እትዬ። ተቀመጥን። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ።

«10፡20፣ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ሥራው አለቀ። ልጁ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።»