ለእንግዶች ክብር የተነሱት ላሞች

ክብር ለሚገባው ክብር መስጠት የሥልጣኔ ምልክት ነው። አጎቴ ደግሞ ክብር እንደሚገባው ከማንም ቀድሞ የተረዳው ራሱ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የመስተንግዶ ክፍል ምክትል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ የሚያስነጥሰው እንኳ ዙሪያውን ቃኝቶ ነው።

እህቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሩቅ ልትጠይቀን መጣች። ታናሽየዋ ከስታለች። ሐኪም ወተት አዞላት አሻፈረኝ ብላለች፤ ከላም ሲወጣ በዓይኗ ካላየች አትጠጣም። እናቷ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥታለች።

«ላም ስትታለብ ሳላሳያት ብቀር ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» አለ አጎቴ።

«የወተት ላም እርሻው እኮ እዚሁ ቅርብ ነው፣ ጋሼ። ብድግ ብለን ሄደን ብናይስ?» አልኩት።

«ብድግ ብሎ የሚሄድ ተራ ሰው ነው፤» አለና ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ከበድ ያሉ እንግዶች ይዞ እንደሚመጣ አስታወቀ።

ስንደርስ እርሻው አምሮበታል። የአጥሩ ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል፤ በረቱ በሳሙና ታጥቧል። አላቢዎቹ አዲስ ቱታ ለብሰው በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ እጃቸው ሥራ ስለፈታ ያጨበጭባሉ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካክሎ የወተት ዘርፉን በተቀናጀ ርብርብ ወደ ላቀ ምዕራፍ ስለማሸጋገር ተናገረ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ከዚያ አጎቴ አጭር ምላሽ ሰጠ፤ አጭሩ ከረጅሙ ረዘመ።

ታናሽየዋ የአጎቴን ኮት ጎተተች። «ላሞቹስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «አይ የኔ ልጅ! እንዲህ ያለ እንግዳ እያለ ላም ይቀመጣል እንዴ? ይሸታሉ፣ ደግሞ በንግግር መሃል ይጮሃሉ። በጠዋት አስወጣናቸው።»

«ሳይታለቡ?» አለች እናቷ።

«ለእንግዳ ክብር ሲባል ቢዘገይ ምን አለበት?»

የአጎቴ ዓይን እንባ አቀረረ። «አየሽ እህቴ? ይሄን ያህል ነው የሚያከብሩኝ!»

«አየሁ እንጂ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር።»

እኔ በገንኩ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፤ ሄዳ መኪና ውስጥ ገባች። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ብዙ ሳንርቅ መንገዱ ተዘጋ። ላሞች! ግታቸው ተወጥሮ መሄድ ከብዷቸው እምቧ ይላሉ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

አጎቴ ክላክሱን ነፋ። «አንተ! እንግዳ ይዣለሁ፣ እነዚህን ከፊቴ አንሳልኝ!»

ላም ጠባቂው ባልዲ አንጠልጥሎ ቀረበ። «ወዴት ልውሰዳቸው ጌታዬ? ትልቅ ሰው ይመጣል ብለው ከግቢ አባረሩን። በወተት ሊፈነዱብኝ ነው። እዚሁ ላልባቸው ነበር።»

«እዚሁ?» አለች እናቷ፤ እጇ የመኪናውን በር ያዘ።

ልጅቷ ግን በደስታ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ትልቁ ሰው እኮ እሱ ነው፤ የኔ አጎት!» አለችው።

ሰውዬው ክው አለ። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ፤ ባልዲውን ከጀርባው ደበቀ። ከዚያ ላሞቹን ከዓይናችን እስኪሰወሩ ድረስ እየሮጠ ነዳቸው።

«ጨዋ ሰው ነው፤» አለ አጎቴ፣ ሞተሩን እያስነሳ።

«አጎቴ፣» አለች ልጅቷ፤ «ላሟ እስክትታለብ ብቻ ትንሽ ሰው ብትሆንስ?»