ስም ከመፋቅ በፊት

ስም ማስመዝገብና ስም ማሰረዝ እኩል አይደሉም። ለመመዝገብ ሦስት ምስክር፣ አራት ጉርድ ፎቶና አምስት ጊዜ «ነገ ነይ» ያስፈልጋል። ለመሰረዝ አንድ ጣት ይበቃል። ይህን ስል ሐሜተኛ ትሉኝ ይሆናል፤ በሉኝ። ሐሜት ሳይሆን ንዴት ነው።

ግድግዳ የምንጋራት ዘሃራ በደሳ አጠገብ የጫትና የቡና መሬት አላት፤ በእሷና በሟች ባሏ ስም የተመዘገበ። የይዞታ ደብተሯን ግን ምስጥ በላው። ይህን የሰማ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ወረቀት ካላት ታሳየን» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ቅጂው ያለው እዚህ ጭሮ፣ የመሬት ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ረቡዕ በጠዋት ሄድን።

ጸሐፊዋ ስክሪኗን አየች፣ እኛን አየች።

«የበደሳ ፋይል የለም።»

«እንዴት የለም?» አልኩ።

«ትናንት ነበር። ዛሬ የለም።»

ዘሃራ ክንዴን ጨበጠች። «ያ ረቢ! ማላን ጎዳ፣ አስካለ? ምን ልሁን?»

ማን እንዳጠፋው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ቢኒያም የእኔው ተከራይ ነው። ለምሳ ሲመጣ የግቢው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«እትዬ አስካለ፣ ፋይሉ እኮ አልጠፋም፤ በሩ ነው የተዘጋው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቢሮው አንድ ትልቅ የመረጃ ማከማቻ አለው። ማከማቻው የሚያስገባው በስም የተመዘገቡለትን ኮምፒውተሮች ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱም የየድርሻውን ክፍል ይከፍትለታል። ከላይ «የማይሠሩትን ኮምፒውተሮች ስም አጽዳ» ተባለ። እሱም ሥዕል በሌለው ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ አንድ በአንድ ሰረዘ። አንዱ ላይ፣ ኋላ እንደታወቀው የበደሳ ፋይል በሚከፈትበት ላይ፣ ሲደርስ ማከማቻው «ይህ ስም ገና ክፍል ይዟል» ብሎ እምቢ አለው።

«እና ምን አደረግህ?»

«በግድ የሚል ቃል ጨመርኩበት።»

«የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ?»

«በቢሮው ግሩፕ ጠይቄ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም።»

ደሜ ፈላ። የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። አንዷ ከእድሩ ብትወጣ ስሟን ከመፋቃችን በፊት ቤቷ ድረስ ሄደን ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ እሷ ዘንድ አለመቅረቱን በዓይናችን እናያለን። በር አንኳኩተን ዝም ብትለን እንኳ ተመልሰን እንሄዳለን እንጂ «ዝም ካለች ይፋቅ» አንልም! የለቅሶ ቀን ለሐዘንተኛ ምን ልንል ነው? እዚህ ግን ማሽኑ ራሱ «ቆይ» ብሎ ነበር፤ ማሽን ያላጣውን ይሉኝታ ሰው አጣው።

«ድስቱን ሳትረከብ ስም የምትፍቅ አንተ ማን ነህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ መንደሩ ሰማ። ይስማ!

«ስሙንማ በአንድ መስመር እመልሰዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የትኛው ክፍል የማን እንደነበረ ግን የተጻፈ የለም።»

የተጻፈ የለም! የሰው ሰነድ የሚጠብቅ ቢሮ የራሱን አልጻፈም!

አርብ ከሰዓት ፋይሉ ተከፈተ። ዘሃራም የሁለቱ ስም ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ወረቀት ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግን ሐሙስ ዕለት «ቢሮውም የለም ብሏል» ብለው ተነሥተዋል፤ ዋርሳዋም በዚያው ቀን መሬቱን አጥሯል። አሁን አጥሩን ለማስነሣት ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች።

በቢኒያም አትፍረዱበት፤ ይቅርታ ጠይቋል። አለቃውን።