እግር ያወጣው አጥር

ሰው ልማትን ከልቡ የሚወደው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልማቱ የጎረቤቱን አጥር ሲያስነሳ ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ደጃፍ ተምሬው ነው። ትምህርቱ የተሰጠኝም ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ ስለሆነ፣ ከእኔ ባትሰሙት ከሌላ መስማታችሁ አይቀርም።

አሶሳ ውስጥ የእኛን ሰፈር የማታውቁ ካላችሁ፣ ክረምት ላይ ባትተዋወቁት ይሻላል። ጭቃው ጫማ አይመርጥም፣ ሹመት አያይም። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ክረምት በገባ ቁጥር ቦቲ አጥልቄ፣ የክፍል ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ነው ትምህርት ቤት የደረስኩት። ታዲያ በመንገዳችን ግራና ቀኝ የእግረኛ መንገድ ሊነጠፍ ነው ሲባል ልቤ ቅቤ ጠጣ። ገልባጭ መኪናው ጠጠሩን ዘርግፎ፣ ንጣፍ ድንጋዩ ተደርድሮ ሳይማ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ቁርሴን በልቼ እወጣለሁ፣ ድንጋዩን ዳበስ ዳበስ አደርጋለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ድንጋዩን ነው ያገባኸው ወይስ እኔን ብላ ጠየቀችኝ።

የሰፈሩ አስተባባሪም ሆንኩ። ሰዉ መረጠኝ እንዳልል፣ እጁን ያወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ከቤት ቤት እየዞርኩ አጥራችሁን ሰብስቡ፣ መንገድ የሁላችን ነው እያልኩ ሰበክሁ። የሥራው መሐንዲስ ለጋ ወጣት ናት፤ ነገር ግን አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ነው። አጥሩን ያላነሳ ቤት ይታለፋል ብላናለች፤ ንጣፉ እሱ ደጃፍ ሲደርስ ይቆምና ከቀጣዩ ጎረቤት ይጀምራል። ከጎረቤቶቼ የማን ደጃፍ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ እንደሚቀር በሆዴ ስገምት ከረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቀርከሃ አጥር ትንሽ ላውጋችሁ። በእኛ አገር ቀርከሃ ሞልቷል፤ ምስጥም እንደዚያው። አጥርህን ታጥራለህ፣ ምስጡ ከሥር ከሥሩ እየበላ በሦስተኛው ዓመት ያጋድመዋል። አዲሱን ስትተክል የድሮው ጉድጓድ በብስባሽና በምስጥ የተሞላ ስለሆነ፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለህ ትቆፍራለህ። ወዴት ፈቀቅ ትላለህ? ወደ ውስጥ ፈቀቅ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔ ስድስት ጊዜ አጥሬያለሁ፤ አጥሬ ስድስት ጊዜ ወደ መንገዱ ተራምዷል። ጥፋቱ የምስጥ ነው እንጂ እኔማ ምን አደረግሁ?

በግቢዬ ጥግ ደግሞ አንድ ማንጎ አለ። ጥላው ለሠርግ ድንኳን ይበቃል። በደረሰ ቁጥር አንድ ትልቅ ሳህን ሞልቼ ከማዶ ላሉት ጎረቤቴ ለእትዬ አሻ እወስዳለሁ። እትዬ አሻ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚህ መንገድ ላይ የነበሩ እናት። ከግቢያችን ነው፣ ቅመሱልን እላቸዋለሁ። እሳቸውም ባረከላህ ብለው ይቀበሉና ሳህኑን ትንሽ አተኩረው ያዩታል። እኔ ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

የልኬታው ቀን ደረሰ። ሰፈሩ ወጥቷል፣ እኔ ከፊት ነኝ። ሲባጎው ከመንገዱ ጫፍ ተወጥሮ መጣ፤ የስንቱን ጎረቤት አጥር ለትንሽ ስቶ አለፈ። የእኔ ጋ ሲደርስ ግን አጥሬን ሰንጥቆ ገባ፣ በማንጎውና በበረንዳዬ መሀል አልፎ ወጣ። አንድ ሰው ሳል አሳለው፤ ሌላው ተከተለው። ያ ሁሉ ሳል የጤና አልነበረም።

አጥሩስ ይነሳል። መሐንዲሷ ግን ወደ ዛፉ ዞረች። ባለቤቱ ወደ መንገዱ ወጥቶ የተከለው ከሆነ ከአጥሩ ጋር ይቆረጣል፤ ድሮም የመንገዱ ዳር ዛፍ ከነበረ ግን ዙሪያውን ትተን እናነጥፋለን አለች።

"ዛፉ የማን ነው?"

የእኔ ነው ካልሁ መጥረቢያ ሊያርፍበት ነው። የእኔ አይደለም ካልሁ፣ ያ ሁሉ ሳህን ማንጎ የማን ነበር ሊባል ነው። እዚህ ቤት በገባሁበት ዓመት ማንጎው እስከ ጉልበቴ ነበር፤ ከአጥሬ ውጭ፣ እሾህ ታጥሮለት። እትዬ አሻ በእሳቸው በኩል የመብራት ገመድ ስላለ እዚህ ማዶ ተክለውት፣ ጀሪካን ይዘው እየተሻገሩ ያጠጡት ነበር። በአራተኛው አጥሬ ዛፉ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ግቢዬ ገባ። ረስቼው ነበር። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ለመርሳት ብዙ ለፍቻለሁ።

"የእኔ አይደለም" አልሁ። "የተከሉት እትዬ አሻ ናቸው። ያኔ አጥሬ እዚያ ነበር።" ጣቴ ወደ በረንዳዬ ሲጠቁም እፍረቱ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ።

እትዬ አሻ ምርኩዛቸውን ይዘው ተሻገሩ፣ ግንዱን ደባበሱት። ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው የሚሉት።

"አስተማሪ፣ እኔ ዝም ያልሁት" አሉ፣ "አጥርህ እንደዚህ ከሄደ አንድ ቀን እኔ ቤት ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ዛፌ ከነቤትህ ይመጣልኛል ብዬ ነው።"

ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ሸክማቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እፎይታው ከእፍረቱ በለጠብኝ። አጥሩን በዚያው ከሰዓት በኋላ በገዛ እጄ ነቀልሁት።

ዝናቡ ሳይገባ ንጣፉ አለቀ፤ ማንጎው ዙሪያውን በድንጋይ ተከቦ መሀል ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበ ዕለት የክፍል ጫማዬን ወልውዬ አጠለቅሁና ያለ አንዳች ጉዳይ መንገዱን አራት ጊዜ ተመላለስሁበት። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ካልሲዬ እንኳን አልረጠበም።

በሳምንቱ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አሻ ናቸው፤ በአዲሱ ንጣፍ ላይ ቀስ ብለው መጥተዋል፣ እጃቸው ላይ ሳህን ሙሉ ማንጎ።

"ከዛፌ ነው" አሉ፤ "ቅመስ።"

ባረከላህ ብዬ ተቀበልሁ። ሳህኑንም ትንሽ አተኩሬ አየሁት።