ዘመድ ያለበት ከተማ

የሆቴል ላለመክፈል ብሎ ዘመድ ያለበትን ከተማ የሚመርጥ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ቬኒስን አሳየኝ ብላ ስንት ዘመን ለመነችኝ። እኔ ግን፣ "ቬኒስ ውድ ነው። ውሃ ከሆነ ያማረሽ ዋርሶም ወንዝ አለ። የእህቴ ልጅም እዚያው ናት፤ በነፃ እናድራለን" አልኩና ከምንኖርበት ከቶተንሃም ይዣት ሄድኩ።

ዋርሶ ላይ ምን አየን? ሶፋ። ባገሩ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሊጠይቀን መጣ። "ጋሼ፣ በሞቴ ይቺን ጉርሻ!" እየተባለ ማን ተነስቶ ይወጣል? ወንዙን ያየነው ስንመለስ፣ በኤርፖርቱ አውቶቡስ መስኮት ነው።

"አየሽ፣ አንድ ሳንቲም ሳናወጣ ከረምን!" አልኳት።

"ቬኒስ ዘመድ አለህ?"

"ማን አለኝ?"

"በል እንግዲያው የቬኒስን ቲኬት ቁረጥ።"